ከኪያሶ ወዲያ፦ ከጣሊያን ወደ ቲቺኖ ለሚዛወሩ

(በተመራቂዎች መሰባሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለመጽሔቱ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)



አዘጋጆቹ «ስለ ስዊዘርላንድ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ ስለ ቸኮሌትና ስለ ሰዓት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ጣሊያን ከምትኖሩት መካከል ስልክ ያልደወለልኝ ጥቂት ነው። ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «እንግዲህ ፓስፖርቴ ጣሊያን ሆኗል፤ ከሚላኖ ሉጋኖ በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ቋንቋውም ጣሊያንኛ ነው። ምን ይዤ ልምጣ?»

ለማታውቁኝ፣ ከኮሜርስ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ፣ ቦሎኛ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ አሁን ሉጋኖ አቅራቢያ በአንዲት ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ነኝ። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ከድንበሩ ማዶ የመጡ ጣሊያኖች ናቸው፤ የኮሞ፣ የቫሬዜ፣ የናፖሊ፣ አንዳንዴም እንደ እኔ የአዲስ አበባና የጎንደር ጣሊያኖች። የማወራው ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነው። ሰው የሚቸገረው ድንበሩ ላይ አይደለም፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ፓስፖርቱን እንኳ የሚያይ የለም። የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ነው። ቋንቋው አንድ ስለሆነ አገሩም አንድ ይመስለውና ግማሽ ኑሮውን እዚያው ትቶ ይመጣል። መዝገቡ ጣሊያን፣ ሐኪሙ ጣሊያን፣ ታርጋው የጣሊያን፣ ደመወዙ ብቻ የስዊስ። ይህን ሁለቱም አገሮች አይወዱትም፤ ሒሳቡን የሚያወራርዱት ደግሞ ከዚያው ሰው ኪስ ነው።

መጀመሪያ መብቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ከኅብረቱ ጋር የተፈራረመችው የሰዎች ነጻ ዝውውር ስምምነት ጁን 1 ቀን 2002 ሥራ ላይ ዋለ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ስምምነት የጣሊያን ዜጋ የሥራ ውል ካለው፣ ወይም ሳይሠራ ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብና የጤና መድን ካለው፣ ገብቶ መኖር ይችላል። «ዜጋ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጣሊያን አሥራ አምስት ዓመት ኖረው፣ ግብር ከፍለው፣ ልጅ አስተምረው፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ግን ሁላችንም «ካርታ ዲ ሶጆርኖ» የምንለው የረጅም ጊዜ መኖሪያ ካርድ የሆነ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ያ ካርድ ስዊዘርላንድ ውስጥ የመኖርም የመሥራትም መብት አይሰጥም። ለጉብኝት ይበቃል፤ ስዊዘርላንድ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የሼንገን ቀጠና ውስጥ ስላለች በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መመላለስ ይቻላል። ለሥራ ከሆነ ግን በቀጥታ ከአዲስ አበባ እንደመጣ ሰው ነው የሚታየው፤ ኮታ አለ፣ ቀጣሪውም እዚያም ሆነ አውሮፓ ውስጥ ሰው ፈልጎ እንዳጣ ማስረዳት አለበት። ይህን ሳያውቅ ሥራ ለቆ፣ ቤት አስረክቦ የመጣ ሰው ቢሯችን ቁጭ ብሎ አይቻለሁ። ምንም ልናደርግለት አልቻልንም።

ስለዚህ የዜግነት ማመልከቻ አስገብታችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ጠብቁ። ማመልከቻው የተመሠረተው ጣሊያን ውስጥ ባላችሁ ያልተቋረጠ ነዋሪነት ላይ ነው፤ መሐላው እስኪፈጸም ድረስ ሬዚዴንሳችሁን አታንሡ።

በሌላ በኩል ባል ጣሊያናዊ ሆኖ ሚስት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብትይዝ፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ስጋት አይግባችሁ። ያው ስምምነት የዜጋውን የትዳር ጓደኛ፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን፣ ከዚያ በላይም ሆነው በእናንተ የሚተዳደሩትን፣ የምትጦሯቸውን ወላጆችም ዜግነታቸው የትም ይሁን እንድታመጡ ይፈቅዳል። የሚጠየቀው ለቤተሰቡ የሚበቃ ቤትና ዝምድናውን የሚያስረዳ ሰነድ ነው። የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬቱን በሕጋዊ መንገድ አረጋግጣችሁ፣ አስተርጉማችሁ አስቀምጡ። እሱ እስኪሟላ ነው ጊዜው የሚሄደው።

ይህን መብት እንደ ቀላል እንዳናየው አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ከርዕሴ ትንሽ ብወጣ ይቅር በሉኝ። ጣሊያንና ስዊዘርላንድ የሠራተኛ ስምምነት የተፈራረሙት በ1948 ነው። ከዚያ በኋላ ለዓሥርት ዓመታት የመጡት ጣሊያኖች ብዙዎቹ «ስታጆናሊ»፣ የወቅት ሠራተኞች ነበሩ፤ በዓመት ከዘጠኝ ወር በላይ አይቆዩም፣ ቤተሰብም ማምጣት አይችሉም። ልጆቻቸውን በድብቅ አምጥተው፣ ጎረቤት ድምፅ እንዳይሰማ ቀኑን ሙሉ ቤት ዘግተውባቸው ሥራ የሚውሉ ወላጆች ነበሩ። ኦገስት 30 ቀን 1965 ማትማርክ ላይ የግድብ ሥራ ሠፈሩን የበረዶ ክምር ተንዶ ሲውጠው ከሞቱት 88 ሠራተኞች 56ቱ ጣሊያኖች ናቸው። በ1970 ደግሞ የውጭ ዜጎችን ቁጥር በእጅጉ የሚቀንስ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 54 በመቶው እምቢ ስላለ ብቻ ነው የቀረው። የዛሬው ጣሊያናዊ ሻንጣውን እየጎተተ በባቡር የሚገባው ከእነዚያ ሰዎች በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ከሁሉም በኋላ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አብዛኞቻችሁ የምታስቡት ቲቺኖን ነው። ወደ 350 ሺህ ሰው የሚኖርባት፣ ቋንቋዋ ጣሊያንኛ የሆነ ካንቶን ናት፤ ዋና ከተማዋ ቤሊንዞና ነው፣ ትልቁ ከተማ ሉጋኖ። ጣሊያንኛው ግን ለራሱ ነው። «አዚዮኔ» ሚላኖ ውስጥ ድርጊት ወይም አክሲዮን ነው፤ እዚህ ሱፐርማርኬት በር ላይ ከተለጠፈ ቅናሽ አለ ማለት ነው። ሞባይሉን «ናቴል» የሚለው ብዙ ነው። የጤና መድን ድርጅቱ «ካሳ ማላቲ» ይባላል፣ የበሽተኞች ካዝና፤ ጤነኛም ሆናችሁ ትከፍላላችሁ። እነዚህ ቃላት ያስቃሉ፣ ግን ምልክት ናቸው። ሰውዬው የሚያናግራችሁ በምታውቁት ቋንቋ ነው፤ የሚሠራበት ሕግ ግን በርን ከተማ የወጣ ነው።

አሁን ቀኑን መቁጠር እንጀምር። ከገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ደግሞም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ የምትኖሩበት ኮሙኔ ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ የሥራ ውል፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ፎቶ። ውላችሁ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ «ኤል» የሚባለውን ፈቃድ ታገኛላችሁ፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ወይም ጊዜው ያልተወሰነ ከሆነ «ቢ»ን፣ አምስት ዓመት የሚያገለግለውን። ጣሊያኖች አምስት ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ በኋላ «ሲ» ይሰጣቸዋል። ከዜግነት ቀጥሎ ያለው ጠንካራ ወረቀት እሱ ነው።

ይህ የመግቢያው መዝገብ ነው። ሰው የሚረሳው የመውጫውን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የሚኖር ጣሊያናዊ «አይሬ» በሚባለው፣ በ1988 በወጣ ሕግ በተቋቋመው የውጭ ነዋሪዎች መዝገብ፣ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በቆንስላው በኩል፣ በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያ የለውም። ዱሮ ባይመዘገቡም ያን ያህል የሚጠይቅ አልነበረም። ከ2024 የበጀት ሕግ ወዲህ ግን ያልተመዘገበ ሰው ለእያንዳንዱ ዓመት ከ200 እስከ 1,000 ዩሮ ይቀጣል፣ እስከ አምስት ዓመት ተቆጥሮ። ከተመዘገባችሁ በኋላ የሚለወጠውንም ዕወቁት፦ ከጣሊያን የቤተሰብ ሐኪም ትወጣላችሁ፤ ጣሊያን ያለው ቤታችሁ የመኖሪያ ቤት መሆኑ ቀርቶ የቤት ግብር ይከፈልበታል፤ የባንክ ሒሳባችሁም ወደ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሒሳብ ይዛወራል። ብዙ ሰው ከአይሬ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ግን ከ2018 ጀምሮ የሁለቱ አገሮች የግብር መሥሪያ ቤቶች የባንክ መረጃ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። መደበቂያ አለ ብሎ የሚመክራችሁን ሰው ዕድሜውን ጠይቁት፤ ምክሩ የዱሮ ነው።

ቀጥሎ የጤናው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጣሊያን የመጣ ሰው ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጣሊያን ሳለን ሕክምናው ከግብር ይወጣል፤ ካርዱን ይዞ መሄድ ነው። ስዊዘርላንድ እያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃኑም ሳይቀር፣ የራሱን መድን ከግል ድርጅት ይገዛል። ዋጋው ከደመወዝ ጋር አይገናኝም፤ አስተናጋጁም ዲሬክተሩም አንድ ሠፈር ካሉና አንድ ዓይነት ከገዙ እኩል ይከፍላሉ። የቲቺኖ ደግሞ ከአገሩ ውድ ከሆኑት ነው፤ ለአንድ አዋቂ በወር ብዙ መቶ ፍራንክ። የሥራ ውል ላይ ያለውን ደመወዝ ከሚላኖው ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ይህን በቤተሰባችሁ ቁጥር አባዝታችሁ ቀንሱ። ደግነቱ ለመሠረታዊው መድን ድርጅቶቹ ማንንም መመለስ አይችሉም፤ ስኳር ቢኖርባችሁ፣ ሰባ ዓመት ቢሆናችሁ ይቀበሏችኋል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ካንቶኑ እንዲደጉመው ማመልከት ይችላል። ጠይቁ፣ ነውር የለውም፤ የአገሩ ሰውም ይጠይቃል።

ስትገዙ «ፍራንኪጃ» ምረጡ ይሏችኋል። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እናንተ በዓመት የምትሸፍኑት ነው፤ ለአዋቂ ከ300 እስከ 2,500 ፍራንክ። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ 10 በመቶውን ትጋራላችሁ፣ በዓመት እስከ 700 ፍራንክ። በቁጥር ላሳያችሁ። በዓመት የ4,000 ፍራንክ ሕክምና ብታገኙ፣ ፍራንኪጃው 300 የሆነ ሰው 300 እና የቀረው 3,700 አሥር በመቶ፣ በጠቅላላው 670 ይከፍላል። 2,500 የመረጠው 2,650 ይከፍላል። የሁለተኛው ወርኃዊ ክፍያ በእርግጥ ያንሳል። ጤነኛና ወጣት ከሆናችሁ፣ ያን 2,500 ፍራንክ ባንክ ማስቀመጥ ከቻላችሁ፣ ትልቁ ያዋጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ግን «ወሩ ይቀንስልኝ» ብሎ ትልቁን አይምረጥ። ጥርስ አይካተትም፤ የጥርስ ሥራችሁን ከመምጣታችሁ በፊት ጨርሱ።

ይህን መድን ለመግዛት ያላችሁ ጊዜ ሦስት ወር ነው። በጊዜው ከገባችሁ ሽፋኑ ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ያለፈውንም ወር ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ከሦስት ወር ካለፈ ሽፋኑ የሚጀምረው ከተመዘገባችሁበት ቀን ብቻ ነው፤ ለዘገያችሁበት ጊዜ እጥፍም የ30 እስከ 50 በመቶ ጭማሪ ይጣልባችኋል። አንድ ደንበኛችን፣ የቤርጋሞ ልጅ፣ በአምስተኛው ወር እግሩ ተሰበረ። «የጣሊያን ካርዴ አለ» ብሎ ተኝቶ ነበር። ሁለቱም አገሮች በየፊናቸው «የእኛ አይደለም» አሉት፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

አሁን ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለውን ላንሣ። አባት ሜንድሪዚዮ አንድ ክፍል ይከራያል፣ እናትና ልጆች ኮሞ ይቀራሉ። ዓርብ ማታ ይሄዳል፣ ሰኞ ጠዋት ይመጣል። «ቢ» ፈቃድ አለው፣ አይሬም ተመዝግቧል፣ ሁሉም የተስተካከለ ይመስለዋል። ግን በጣሊያን ሕግ፣ ከ2024 ወዲህ በግልጽ እንደተጻፈው፣ የአንድ ሰው መኖሪያ የግልና የቤተሰብ ግንኙነቱ በዋናነት የሚገኝበት ቦታ ነው። ሚስትና ልጅ ያሉበት ማለት ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያሳለፈ ሰው ጣሊያን እንደ ራሷ ግብር ከፋይ ልትቆጥረው፣ የስዊሱን ደመወዝ ጭምር ልትጠይቀው ትችላለች። ጣሊያን ስዊዘርላንድን ከጥቁር መዝገቧ ያወጣቻት ከ2024 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት በእርግጥ እንደሄደ የማስረዳቱ ሸክም በሰውዬው ጫንቃ ላይ ነበር። አሁን ሸክሙ ቀለለ እንጂ ጥያቄው አልቀረም። በዚህ በኩል ደግሞ ቲቺኖ «ቢ» የያዘ ሰው በእርግጥ እዚያ መኖሩን የምታጣራበት ጊዜ አለ፤ ካልኖረ ፈቃዱ ይነሣል።

ቤተሰቡ የማይነቃነቅ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ በግልጽ «ፍሮንታሊየሬ» መሆን ነው፤ ጣሊያን እየኖሩ ስዊዘርላንድ መሥራት። በቲቺኖ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዲህ ይኖራል፤ ፈቃዱ «ጂ» ይባላል። ከድንበሩ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባለ ኮሙኔ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከጁላይ 17 ቀን 2023 በኋላ ለጀመሩት የሚሠራው አዲሱ ስምምነት ነው። ስዊዘርላንድ ከመደበኛው ግብር እስከ 80 በመቶ ትወስዳለች፤ ከዚያ ጣሊያን በራሷ ስሌት ታሰላለች፣ ከገቢው 10,000 ዩሮ ነጻ ታደርጋለች፣ ስዊዘርላንድ የወሰደችውንም ትቀንሳለች። ባጭሩ የምትከፍሉት በጣሊያን መጠን ነው። ዱሮ የጀመሩት ግን ለስዊዘርላንድ ብቻ ነው የሚከፍሉት። ስለዚህ ሃያ ዓመት የሠራ ጎረቤታችሁ «ግብሩ ምንም አይደለም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የራሱን እውነት ነው የሚነግራችሁ። ፍሮንታሊየሬ ለጤናውም በሦስት ወር ውስጥ ከሁለቱ አገሮች አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫው በቀላሉ አይሻርም።

ኑሯችሁን ሙሉ በሙሉ ለምታዛውሩ፣ ዕቃችሁ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር የተጠቀማችሁበት ከሆነና መጠቀማችሁን ከቀጠላችሁ። መኪናም እንዲሁ። ዝርዝር ጽፋችሁ፣ ቅጹን ሞልታችሁ፣ በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ለጉምሩክ ማስታወቅ አለባችሁ። ጣሊያኖች ጓደኛ ሰብስበው ቅዳሜ ከሰዓት በኪራይ ካሚዮን ይመጡና የዕቃ ጉምሩኩ ተዘግቶ ያገኙታል። ማክሰኞ ኑ። ታርጋና መንጃ ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ይለወጣሉ፤ መንጃ ፈቃዱን ለመለወጥ የጣሊያን ከሆነ እንደገና ፈተና የለም። ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ የሚሉትን ቃላት አዲስ አበባ እያለን የለመድናቸው እኛ ነን፤ ቃላቱ ችግር አይሆኑብንም።

ቤት ለመከራየት አከራዩ ከሦስት ወር ኪራይ የበለጠ መያዣ መጠየቅ አይችልም፤ ገንዘቡም በእናንተ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይታገዳል እንጂ በእጁ አይሰጥም። በእጅ ስጡኝ የሚል ካለ ሂዱ። ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀትም ይፈልጋሉ። የልብስ ማጠቢያው ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ያለ የጋራ ነው፤ ተራ ይወጣለታል፣ ተራው ይከበራል። ቆሻሻ ኮሙኔው በሚሸጠው ከረጢት ብቻ ነው የሚጣለው፤ ክፍያው ከረጢቱ ላይ ነው። ጎረቤት የሚያውቃችሁ በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ሥራውን በተመለከተ ጣሊያናዊ «ኮንትራቶ ኢንደተርሚናቶ» ሲባል ዕድሜ ልኩን የተቀጠረ ይመስለዋል። ስዊዘርላንድ ጊዜው ያልተወሰነ ውል ማለት በማስጠንቀቂያ የሚፈርስ ውል ማለት ነው፤ ውሉ ሌላ ካላለ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወር፣ ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለት ወር፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር። ባንክ ብድር ልትወስዱ ስታስቡ ይህን አስታውሱ። ግብሩ «ሲ» እስክታገኙ ከደመወዛችሁ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል።

ነርሶች ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ዲፕሎማችሁን የሚያጸድቀው የስዊስ ቀይ መስቀል ነው። የኢትዮጵያ ዲፕሎማ ይዛ ጣሊያን ውስጥ ያስጸደቀች ነርስ ጣሊያን ሦስት ዓመት በሙያዋ ከሠራች ነው በአውሮፓው ደንብ የምትስተናገደው። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ ያላችሁ፣ ስድስት ወሯን ጨርሷት። የአሠሪያችሁን የምስክር ወረቀት ሳትይዙም አትልቀቁ፤ በኋላ ከሩቅ ሆኖ መለመን ከባድ ነው።

ስለ ልጆች ሳልናገር ብወርድ እናቶች አይለቁኝም። ትምህርት ቤቱ በጣሊያንኛ ነው፣ ግዴታው ከአራት ዓመት ይጀምራል። ፈረንሳይኛ ከሦስተኛ ክፍል ይማራሉ፣ ጀርመንኛም ይከተላል። ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ግን መንገዱ ይከፈላል፤ አብዛኛው የአገሩ ልጅ ሊቼዮ አይገባም፣ ሥራ ቦታ እየዋለ ወደሚማርበት የሙያ ሥልጠና ነው የሚሄደው። የእኛ ወላጆች እዚህ ላይ ያለቅሳሉ። «ዩኒቨርሲቲ ያላየ ልጅ?» ይላሉ፤ እኛ ሁላችን በዚያ በር ስላለፍን። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በሙያ የጀመረ ልጅ በሙያ ማቱሪታ በኩል ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባት ይችላል፤ በሩ አይዘጋም። ልጄ በኤሌክትሪክ ሥራ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እናቱ አሁን መብራት ሲጠፋ የምትጠራው እሱን ነው፣ እኔን ትታ።

ጡረታን ፈርታችሁ የምትቀሩ አላችሁ። ጣሊያን የከፈላችሁት አይጠፋም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ድርሻ ይከፍላል፤ የሚጠየቀውን ዓመት ለማሟላት ደግሞ የሁለቱ አገር ዓመታት ይደመራሉ። ጣሊያን 12 ዓመት፣ ስዊዘርላንድ 15 ዓመት የሠራ ሰው የጣሊያኑን 20 ዓመት አላሟላም ተብሎ አይመለስም። ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ከአሠሪ ጋር የሚጠራቀመውን «ሁለተኛው ምሰሶ» የሚሉትን ገንዘብ ወደ ጣሊያን ስትመለሱ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ ማውጣት አትችሉም። ጣሊያን ውስጥ የግዴታ ጡረታ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ሕጉ በግዴታ ያስቀመጠው ክፍል ከ2007 ጀምሮ እስከ ጡረታ ድረስ ታግዶ ይቆያል። አዲስ አበባ ለመመለስ ከሆነ ግን ይወጣል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚበራ ሰዎች አሉ።

በመጨረሻ የበዓል ጉዳይ፣ አዘጋጆቹ ሰዓት እያሳዩኝ ቢሆንም። ሥጋ ጣሊያን ርካሽ ነው ብላችሁ ለፋሲካ ከኮሞ በግ ጭናችሁ ስትመጡ፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ብቻ ነው ነጻ የሚያልፈው። መኪና ውስጥ አራት ሰው ሆናችሁ 12 ኪሎ ብትይዙ ስምንቱ ኪሎ እያንዳንዱ 17 ፍራንክ ይቀረጣል፤ 136 ፍራንክ። ዶሮውም ሥጋ ነው፣ ይቆጠራል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ንጥር ቅቤና ቋንጣ ደግሞ ጭራሽ አይገባም፤ አውሮፕላን ጣቢያ ይወሰዳል። በርበሬው፣ ሽሮው ይለፉ፤ ቅቤውን እዚያው የአገሩን አንጥሩት። ላሞቹ እንደሆነ በየኮረብታው ሞልተዋል።

የምዝገባውንና የጉምሩኩን ቅጾች ግልባጭ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ስለራሱ ጉዳይ ሊጠይቀኝ የሚፈልግ ከምሳ በፊት ይምጣ፤ ከምሳ በኋላ ለኳሱ ቃል ገብቻለሁ። ስትመጡ ደግሞ ፓስፖርቱን ብቻ አትያዙ፤ የሥራ ውሉን ካልያዛችሁ የምመልስላችሁ ነገር የለኝም።